የጸሎት ቤቱን በር ማን በየደው?

ታሜ፣ የኔ ጌታ፣

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የኮምቦልቻ ዝናብ ከቆርቆሯችን ጋር ሲጣላ ይውላል፤ ገላጋይ የለ፣ እኔው ብቻዬን አዳምጣለሁ። ወሬ ስለምትወድ ወሬ ይዤልህ መጥቻለሁ። ደህናውን ላስቀድም፦ ሲኦሲውን፣ የሙያ ምዘናውን፣ አለፍኩ። አዎ፣ እኔው ሚስትህ፣ በሥራ ልምዴ ተመዝኜ የብቃት ማረጋገጫ ያላት በያጅ ሆንኩልህ። አሁን ክፉውን ስማ።

ገና አርባህ ሳይወጣ ወንድምህ ደረጀ ከደሴ ወረደ። ፒያሳ ጫማ ከመሸጥ በቀር ሥራ የማያውቅ፣ የመበየጃ ኤሌክትሮድ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ ያላየ ሰው፣ «ወርክሾፕ ማድ ቤት አይደለም፤ ቁልፉን አምጪ» አለኝ። ንግድ ፈቃዱ ባንተ ስም ነው። ወደ ስሜ ላዙር ብል የሙያ ማረጋገጫ አምጪ ተባልኩ። ትምህርት ቤት ልግባ እንዳልል ልጆቹን ማን ያብላልኝ? በሥራ ልምድም መመዘን ይቻላል ሲሉኝ እልል አልኩ። ብቻ የሠራሽውን አሳዪ፣ የሚመሰክርልሽም አምጪ አሉኝ።

ይሄማ ምን ችግር አለው! ከተማው የሚከፍተው የሚዘጋው የኔን በር አይደል? መዛኙን ይዤ ዞርኩ። ደንበኛው ሁሉ አንድ አፍ ሆነብኝ። የደጋኑ ሐጂ፣ «ወላሂ! የታምራት እጅ ነው፤ እሷማ ብረት ትይዝለት ነበር» ብለው ማሉልህ።

ጸሎት ቤታችን ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ያቺን እሑድ ታስታውሳለህ? አዲሱ በር እንደተተከለ መድረክ ላይ ወጥተህ፣ ጌታ እጆቼን ባርኮልኝ ይህን በር ሠራሁ ብለህ መሰከርክ። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ላይ የዚያው በር ቃጠሎ ገና አልሻረም ነበር። ይኸው ያ ምስክርነትህ ቆሞ ጠበቀኝ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ለመዛኙ፣ «እኛ ከራሱ አፍ ነው የሰማነው» አሉት። የሟችን ቃል ማን ይሽራል?

እኔ ሻርኩት። በቀጣዩ እሑድ አንተ በቆምክበት ቦታ ቆምኩ። ያለ መነጽር ስትበይድ ኖረህ ዓይንህ እንደጠፋ ተናገርኩ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ እያልክ ስታነባ ድንች ቆርጬ እለጥፍልህ እንደነበር፣ ሜትር ማንበብ ሲያቅትህ አንተ ከፊት ዋጋ ስትከራከር እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ስበይድ እንደነበር፣ አንድም ሳላስቀር። እዚያው መድረክ ላይ እንኳ እጅህን ይዤ ያወጣሁህ እኔ ነበርኩ፤ ሰው ፍቅር መስሎት «ሲያምሩ!» አለ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ ለካ አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሱን ዘቅዝቀህ ይዘህ ስታነብ አይተውህ ኖሯል። ምስክርነቴን ፈረሙልኝ። ከዚያ መዛኙ ፊት በየድኩ፤ አለፍኩ።

እናትህ በመሃል ተነሥተው ወጡ። አሁን ኩታበር ዘመድ ጋ ናቸው፤ «ልጄን ሁለተኛ ገደለችው» ይላሉ አሉ። ውሸት አላሉም። ሠፈሩ ዛሬ «ዕውሩ በያጅ» ነው የሚልህ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይሳሳቁብሃል። ልከራከርልህ ብዬ ነበር፣ ሥራ በዛብኝ።

ንግድ ፈቃዱ ወደ ስሜ ዞረ፤ ደረጀም ቁልፉን ሳያገኝ ተመለሰ። የብቃት ወረቀቴን ፎቶህ የነበረበት ቦታ ሰቀልኩት። ፎቶህን አልጣልኩም፣ እንዴት ተደርጎ! ብረት መቁረጫው ግራይንደር አጠገብ ነህ፤ ፍንጣሪው ጉንጭህን ትንሽ ጠባብሶታል።

እወድህ ነበር፣ ታሜ። ገበያ ወጥተህ የመጀመሪያዋን ብርቱካን ለኔ የምትልጥ ሰው ነበርክ። አንዲት ቀን፣ አንድ ሰው ፊት «እሷ ናት የሠራችው» ብትል ኖሮ፣ የዓይንህን ምስጢር ካንተው ጋር እቀብረው ነበር።

አልረሳህም። ለመቃብርህ የብረት አጥር ሠርቼልሃለሁ፤ በየመስከረሙ መጥቼ ቀለሙን አድስልሃለሁ። ሲተከል ደንበኞቻችን ሁሉ መጥተው ነበር፤ ሐጂም ሳይቀሩ በጣታቸው ዳሰሱት። ከሠራሁት ሁሉ፣ ያንተ እጅ ነው ያልተባለልኝ የመጀመሪያው እሱ ነው።