ያለ ጥልፍ የወጣው ቀሚስሽ

እማዬዋ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺ ጤና ወደማያስፈልግበት ስለሄድሽ እሱን ዘልዬዋለሁ። ከተለየሽኝ ዐርባሽም ሰማንያሽም ወጥቶ መንፈቅሽ እየቀረበ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም፤ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ነገሬ ሁሉ ለቅሶ እየሆነብኝ ነው። አንቺ ደግሞ አልቃሻ ሴት አትወጂም። ዛሬ ግን የልብስ ወሬ አለኝ፣ ለዚያውም የሳምንት ሙሉ የልብስ ወሬ። እሱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርሽ። ሀርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ያለውን ቤት አልለቀቅኩም። አከራያችን የውጭውን በር አረንጓዴ ቀብቶታል፤ አረንጓዴ ልበለው እንጂ የተቀቀለ ጎመን ነው የሚመስለው። በጦርነቱ ጣሪያው የፈረሰውና ፍየል ይውልበት የነበረው የጎረቤት ግቢ ባለቤቶቹ ተመልሰው ፎቅ እየሠሩበት ነው። ከንጋት ጀምሮ መዶሻ ነው። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ሆኗል፤ አንዱ ግድግዳ ያቆማል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይመታል፣ አቧራው ግን የሁላችንም ነው። የስፌት መኪናሽን በአሮጌ አንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ነጭ ጨርቅ ስትዘረጊ በአቧራው ላይ ታወርጂው የነበረው እርግማን ትዝ እያለኝ አንሶላውን አራግፋለሁ።

እኔ አሁንም አየር ማረፊያው ትኬት እቆርጣለሁ። ጥቁሬን አላወለቅኩም። ግን እማዬ፣ እዚህ አገር ጥቁር ለብሶ ማዘን እንዴት ከባድ ነው! ሴቱ ሁሉ ጥቁር አባያ ለባሽ ሆኖ ሐዘንተኛ መሆኔን ማን ይወቅልኝ? እንዲያውም አንዷ መንገደኛ እጅጌዬን ዳሰስ አድርጋ አባያዬን ከየት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ከዱባይ ነው አልኳት፣ ምን ልበላት።

አንድ ነገር ሲቆረቁረኝ ከርሟል። አንቺ ስትጸልዪ «ቀባሪ አታሳጣኝ» ማለት ታበዢ ነበር። ያረፍሽ ዕለት እኔና አጎቴ በማለዳ መኪና ተከራይተን ድንበሩን በቶጎ ውጫሌ ተሻግረን ድሬዳዋ ወሰድንሽ። ስንደርስ የድሮው ሰፈራችን ሰው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። እድርሽም ከተቋረጠ ዘመን የለውም። ካህኑ፣ አጎቴ፣ እኔና አዝነው ከየቤታቸው የወጡ ጥቂት የማያውቁሽ ሰዎች ቀበርንሽ። ድንኳን እንኳ አልተጣለልሽም። ስንት ሙሽራ ያለበሰች ሴት እንደ መንገደኛ ተሸኘች። እዚህ ያሉት ደንበኞችሽም አልሰሙም፤ መጥተው በሩ ተዘግቶ ሲያገኙት አገሯ ገብታለች እያሉ ተመለሱ። ለማን ዞሬ ልንገር? እንዲሁ በሆዴ ይዤው ቀረሁ።

ሆዳንን ታስታውሻታለሽ፣ ከእንግሊዝ አገር ተመልሳ የሰርጓን ልብስ አንቺ የሰፋሽላትን። ከመታመምሽ በፊት የሀርጌሳን የፋሽን ሳምንት ላዘጋጅ ነው ብላ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ለምናሽ ነበር። እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ፋሽን ሆንኩ ብለሽ ሳቅሽባት፤ በማግስቱ ግን ከአዲስ አበባ ሸማ አስላክሽ። ቀሚሱን ቆርጠሽ ሰፍተሽ ጨረስሽው። የቀረው የአንገቱና የደረቱ ጥልፍ ነበር። ቀዩንና ወርቃማውን ክር ገዝተሽ አስቀምጠሽ ሆስፒታል ገባሽ።

ጎረቤታችን አለምነሽ ጥልፉን ለሌላ ባለሙያ ሰጥተን እናስወጣው ብላ ወተወተችኝ። እምቢ አልኩ። ካንቺ እጅ ሌላ እጅ እንዲነካው አልፈለግኩም። እንዳለ ተኩሼ፣ ከነነጠላው፣ ነጭ በነጭ ሆኖ በፌስታል አድርጌ ወሰድኩት። ማረፍሽን ያኔ ለሆዳን ነገርኳት፤ ሥራ በዝቶባት ስለነበር የእናትሽ እጅ ከሆነ ማየትም አያስፈልገኝም ብላ አሰቀለችው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስምሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በክብር እንዲጠራ።

ዝግጅቱ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ባለ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ከአስር ሶላት በኋላ፣ የሴቶች ብቻ ነበር። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ሴቶች በሚገላለጡበት ቦታ ስልክ አይገባም። በር ላይ እየለቀሙ በላስቲክ ከረጢት ያስቀምጡታል። ስለዚህ ፎቶ የለኝም፣ ዓይኔን እመኚ።

አንቺ ሁልጊዜ ከመድረክ ይልቅ መንገድ ስለምታዪ ከመንገዱ ልጀምርልሽ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚያ በር ላይ ነበር የምቆመው። አንዲት ተማሪ ከራሷ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ ሰናፍጭ መልክ ጅልባብ ከነጭ ስኒከር ጋር አድርጋ፣ እጇ ላይ የአባቷ የሚመስል ትልቅ ሰዓት አስራ ከባጃጅ ስትወርድ አየሁ፤ መድረክ ላይ ከወጡት ከብዙዎቹ ይልቅ እሷ ታምር ነበር። ማዶ ጃንጥላ ሥር ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ በብርቱካናማ ሻሽ ላይ ሐምራዊ ደርባ፣ አላፊ አግዳሚውን ሞዴል ከላይ እስከ ታች ትገረምማለች። ያለበሳት የለ፣ የመከራት የለ፣ እንዲያው ሲያምርባት! አንቺ ብትሆኚ ሻሹን ከየት እንዳመጣችው ሳትጠይቂያት አታልፊም።

በሩ ላይ ያለውስ! ሴቶቹ ስልካቸውን አስረክበው አባያቸውን ሲያወልቁ፣ ከዚያ ጥቁር ውስጥ ቢጫው፣ ፈዛዛ ሮዙ፣ የወርቅ ዘርፉ ብቅ ይላል። ውጭ አንድ ዓይነት የነበሩት ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሆኑ። እኔ ብቻ ጥቁሬን እንደለበስኩ ቀረሁ።

መድረኩ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ነው፤ ወንበሩን አንስተው ቀይ ምንጣፍ ዘርግተውበታል። ከሁሉ አስቀድሞ ጉንቲኖ ወጣ፣ ያ አንድ ትከሻ ላይ የሚቋጠረው የድሮ ልብሳቸው። ልጅቷ ረጅም ናት፣ አንገቷ ላይ የአያቷ የተባለ ትልልቅ ሙጫ መሳይ ዶቃ አለ፣ ሌላ አንድም ጌጥ የላትም። አበቃ፣ ከዚህ የሚበልጥ አይመጣም አልኩ። ወዲያው ጀነሬተሩ ጠፋ። ሴቶቹ በጭብጨባ ብቻ ልጅቷን እስከ መጨረሻ አስኬዷት። ከወንድ ሽርጥ የተሠራ ኮትና ሱሪም ነበር፤ ባሎቻቸው ቤት ውስጥ ሽርጣቸውን ሲፈልጉ እየታየኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ድሪያዎቹማ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ናቸው። አንዱ ወይን ጠጅ ነበር፣ ከሥሩ የሐር ጉርዱ ጠርዝ ብቻ ብልጭ ይላል። ለአንቺ ነበር የሚያምርብሽ ብል እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ።

አንዲት ልጅ የሠራችውን ካፖርት ግን ምን ብዬ እንደምነግርሽ እንጃ። ቤተሰቧ ከስደት ሲመለስ የተጠለለበትን ሰማያዊ ሸራ ቀዳ ነው የሰፋችው። ስትራመድ ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ከዚያ ከኋላ ያሉት እናቶች ሸራውን አወቁት፤ ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ስፌቱ ጠማማ ነበር፣ አልዋሽሽም፣ አንቺ እጅ ላይ ቢወድቅ ተርትረሽ እንደገና ታሰፊያት ነበር። ቢሆንም እንባዬ መጣ።

ያንቺ ተራ የደረሰው መጨረሻው አካባቢ ነው። ከሆዳን ጋር መጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። የለበሰችው ኢፍራሕ የምትባል ዝምተኛ ተማሪ ናት። ነጠላውን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ሌሎቹ እንደዚያ አልሄዱም። ምን ያንቀረፍፋታል ብዬ በገንኩ።

ከበሮው ቆመ። እልልታውም ቆመ። የሚስቁት መሳቃቸውን ትተው ሻሻቸውን ወደ ፀጉራቸው መለስ መለስ አደረጉ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ሆዳንን ዞር ብዬ ሳያት አፏን በእጇ ይዛለች። ከዚያ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ እዚህ አገር ሴት ከራስ እስከ እግሯ ነጭ የምትለብሰው ባሏ ሲሞት ነው፣ የሐዘን ጊዜዋ እስኪያልቅ። ወይ ጉዴ! ነጭ የለበሱትን በየመንገዱ ሳይ እኔ ከሐጅ የተመለሱ ነበር የሚመስሉኝ። ስንት ዓመት ኖሬ! አንቺ ግን ታውቂ ኖሯል። ለእነሱ ከሰፋሽው ሁሉ ቀለም ሳይገባበት ከቤታችን የወጣ ነጭ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። እኔ ደግሞ በእናቴ እጅ ላይ ሌላ እጅ አይጨመርም ብዬ የሐዘን ልብስ ሰርግ አዳራሽ አስገባሁልሽ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስምሽ ይከበር ብዬ መጥቼ ላሰድበው ነው ብዬ፣ ልጅቷን ጎትቼ ላስገባት ተነሳሁ።

ሆዳን እጄን ያዘችኝ። ኢፍራሕ ግን ስሕተት መሆኑን አላወቀችም። ሠሪዋ መሞቷን ከሆዳን ሰምታ ስለነበር ነጩ ታስቦበት የተደረገ መስሏት ኖሯል አንገቷን የደፋችው። መድረኩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። አስተዋዋቂዋም እንደሌሎቹ ሁሉ የሠሪዋን ስም ጠራች፤ ኤዶ አበባ፣ የኮድቡሯ አክስታችን አበባ አለች። ማረፍሽንም ነገረቻቸው።

ፊት ከተቀመጡት መካከል ሀሊሞ ነበረች፣ ያቺ ወርቅ ሻጯ፣ ጉርዱ ጠበበ እጅጌው ረዘመ እያለች ዕድሜሽን ሙሉ ስትጨቀጭቅሽ የኖረችው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ የአላህ ነን ወደ እሱም ተመላሾች ነን ብላ ተነሳችና መዳፎቿን ዘረጋች። አጠገቧ ያለችው ተነሳች፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ያ ሁሉ ሂና የተቀባ፣ አምባር የሞላው እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ላንቺ ምሕረት ለመነ። አንገትሽ ላይ ማተብ አስረሽ እንደኖርሽ ሁሉም ያውቃሉ፤ ያን ቀን ማንም አላነሳውም።

ከዚያ እየተከታተሉ ወደ እኔ መጡ። ሰሚር ኢዮ ኢማን ይሉኛል፣ ትዕግሥትና እምነት ይስጥሽ ማለታቸው ነው። አንዷ እጅጌዋን ገልብጣ ስፌቱን አሳየችኝ፣ ያንቺ ነው። ሌላዋ የጉርዷን ጠርዝ ከፍ አደረገች፣ ያንቺ ነው። አንዲት አሮጊት የለበሱት ድሪያ የልጃቸው ሰርግ ጊዜ የሰፋሽላቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሳይ ከርሜ ያንቺን ሳላየው ቆይቻለሁ፤ አዳራሹ ሙሉ ነበር እኮ እማዬ! ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ወርቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፣ ትርኢቱን የሚጠይቅ ጠፋ። ያኔ እንደ አገሬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አንድም ሴት ዝም በይ አላለችኝም። ለቅሶሽን ደረሱልኝ። ልቤ ውስጥ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ፣ ይህን ላንቺ ሳልናገር ማደር አልቻልኩም።

ቀሚሱን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። አልረሳሽም ብዬ መማል ለአፍ ቀላል ነው፣ እኔ ደግሞ የምልሽን አንቺ ሳታዪው አታምኚም። ስለዚህ የማደርገውን ልንገርሽ። ሀሊሞ መንፈቅሽን የት እንደማወጣ ጠየቀችኝ። ድሬዳዋ፣ መቃብሯ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው አልኳት። እሷ ከአጥሩ ውጭ እንደምትቆም፣ ግን ሳትመጣ እንደማትቀር ነገረችኝ። በማግስቱ ሆዳን ደወለች፣ ከዚያ የኢፍራሕ እናት፣ ከዚያ ስማቸውን የማላውቀው። በየዓመቱ እመጣልሻለሁ፣ ስምሽንም በመጣሁ ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ለዘንድሮው ሚኒባስ ተከራይቼ ነበር፤ አልበቃን ብሎ ሌላ እየፈለግኩ ነው።

ልጅሽ ሰብለ