መምህሩ የጣለው መብረሪያ

የተወደድሽ ልጄ ታቢታ፣ የጌታ ሰላም ባለሽበት ቤት ሞልቶ ይፍሰስ፤ ከብርዱም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ስለተሻለው ቱላ ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል።

አሥረኛ ክፍል ሳለሽ የድሮ የእንፋሎት ማሽን አስመስለሽ የሠራሽውን፣ በጀርባ የሚታዘለውን መብረሪያ፣ መምህር ወልደአማኑኤል «ቆሻሻ!» ብሎ በተማሪ ፊት እንደጣለብሽ አልረሳሁም። ዘንድሮ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተደረገው፣ ሰው በእጁ የሠራውን ለብሶ በሚቀርብበት የአልባሳት ውድድር ዳኛው እሱ መሆኑን ስሰማ ንድፍሽን ከደብተርሽ ፈልጌ አወጣሁ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሻወር ቱቦ፣ የድስት ክዳንና የተበላሸ ቡታጋዝ አናት አያይዤ የነሐስ ቀለም ቀባሁት። በዚህ ዕድሜዬ አዝዬው መድረክ ወጣሁ!

እሱም አጨብጭቦ አንደኛ አደረገኝና «እናቴ፣ ማን ነው የነደፈልዎት?» አለኝ።

ማይኩን ተቀበልኩት። «ቆሻሻ ብለህ የጣልክባት ልጄ ታቢታ ናት» አልኩ።

ማይኩን መልሼለት ከመድረክ ወረድኩ። በር ድረስ ተከትሎኝ «ይቅር ይበሉኝ» ሲለኝ፣ «እሷን ጠይቃት» ብዬ ስልክሽን ሰጠሁት። ፓስተራችን ይቅር በይው ይሉኛል፤ እኔ ግን ገና ደስታዬን አልጠገብኩም።

ምግብ አትዝለይ። ጌታ እጆችሽን ይባርክ። መምህሩ ሲደውል ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ ቶሎ አታንሺለት።

እናትሽ