ለማይቆም መኪና ዋስ ለሆኑት ሊቀመንበር

ኢትዮጵያ ትቅደም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ቢተው፣ የእህል ማመላለሻ መኪና ገዥ ኮሚቴ ሊቀመንበር
መካነ ሰላም፣ የካቲት 1967 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎም፣ ወገብዎም፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ንጉሡ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በቢሮዎ በኩል ማቅረብ ይገባኝ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ በኩል ያቀረብኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች እንደ መኪናችን መንገድ ላይ ስለቀሩ፣ ይህኛውን ከገበያው መግቢያ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ላልተማረው የሚያነብለት ሰው እንዳይቸገር በትልልቁ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሞ ምስጋና ይገባዎታል። የተራበ ሕዝብ ካለችው ላይ አዋጥቶ፣ አሮጌም ቢሆን ከደሴ እህል የሚያመጣ አንድ የጭነት መኪና እንዲገዙለት ሲመርጥዎ፣ ሥራውን በአንድ ቀን፣ ያውም ከምሳ በፊት ፈጽመዋል። የከላላ ገበሬ አንዲት በቅሎ ለመግዛት ሦስት ቅዳሜ ይመላለሳል። ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ሾፌራችን አምባቸው በደሴ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ነው። በደሴ በሻጩ ግቢ መኪናው ሥር ተንፏቆ ገብቶ፣ በኋላው ጎማ በኩል የሚንጠባጠበውን በጣቱ ነክቶ አሳየዎት። «ይሄ የፍሬን ዘይት ነው ጌታዬ፤ ጭነን ቁልቁለት ሳናወርደው እንዳይገዙ» አለዎት። እርስዎም በሻጩ ፊት «መኪናም እንደ ሰው ሲሠራ ያልበዋል» ብለው ሁላችንን አሳቁን። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያም መኪናው በዚያው ግቢ፣ በሜዳ ላይ፣ ባዶውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ተሞከረ፤ በሚገባም ቆመ። በሜዳ ላይ ባዶ ጋሪም ይቆማል።

2ኛ. ከኋላ ጎማዎች በውጭ በኩል ያሉት አዲስ ነበሩ፤ በውስጥ በኩል ያሉት ሽቦአቸው ወጥቷል። ይህ ገጣባውን በኮርቻ ሸፍኖ በቅሎ ከመሸጥ በምን እንደሚለይ አላውቅም። ስለ መኪናው አረንጓዴ ቀለም ግን የምከሰው የለኝም፤ እስከ ዛሬ ከአቀስታ ወዲህ ባለው ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ ይታያል።

3ኛ. ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በበቅሎ ንግድ ያሳለፉት አባ ጀብሪል፣ ዋስ ይጠራልን አሉ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በአገራችን በቅሎ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል፤ የተደበቀ ሕመም ቢገኝባት ጉዳቱን ተሸካሚው ዋሱ ነው። «ወላሂ፣ ያለ ዋስ በቅሎ እንኳ ገዝቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ነፍስ ለሚሸከም ብረት ዋስ ይጠራ!» አሉ። ሻጩ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ያን ጊዜ እርስዎ ደረትዎን መትተው «ዋሱ እኔ ነኝ! ጸሐፊ፣ ጻፍ!» አሉ። ጻፍሁ። ፈረሙ።

4ኛ. ጥር 19 ቀን መኪናው የእርዳታ ስንዴ ጭኖ ሲመጣ፣ ከጆንያዎቹ ላይ አሥራ አምስት ሰዎች ተሳፍረው ነበር። ከአቀስታ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ አልያዘም። የእጅ ፍሬኑም ተነቅሎ በአምባቸው እጅ ቀረ። በቀኝ ገደል፣ በግራ ቋጥኝ ነበር፤ አምባቸው እሱ ራሱ ወደተቀመጠበት ወደ ግራው፣ ወደ ቋጥኙ መለሰው። አሥራ አራቱ ተረፉ። ንግሥቴ የምትባለው ሴት ሞተች። ረሃቡን በደሴ መጠለያ አልፋ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። ስንዴው በአጋሰስ ተለቅሞ እዚህ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠኙ ቀን ስንት ሰው እንደቀበርን ቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

5ኛ. አምባቸው ግራ እግሩ እንደተሰበረ፣ በእርስዎ ማመልከቻ፣ የሕዝብ ንብረት በአሻጥር አጠፋ ተብሎ ታስሯል። አሻጥረኛ አስቀድሞ የገዛ እግሩን እንደሚሰብር አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሚስቱ ይርገዱ ስንቅ ለማድረስ በደጄ ስታልፍ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ያ የጻፉት ወረቀት የት ገባ?» ከቢሮዎ የተሰጠኝ መልስ ዋስትናዎ የተጻፈበት የቃለ ጉባኤው መዝገብ ጠፍቷል የሚል ነው። ዓርብ ይፈረድበታል። በዚህ ዘመን በአሻጥር የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው እርስዎም እኔም እናውቃለን።

6ኛ. መኪናው አሁን ሰማያዊ እየተቀባ ነው። በሚመጣው ሳምንት በሌላ ሾፌር ወደ ደሴ እንደሚላክ ሰምቻለሁ። ፍሬኑን የነካ ሰው እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ዓርብ ከችሎት ቀርበው፣ በደሴ እንዳደረጉት ሁሉ ደረትዎን መትተው፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» ይበሉ። ያኔ ማንም ሳያስገድድዎ ያሉትን ቃል መድገም እንደማይከብድዎ አምናለሁ። ሁለተኛ፣ መኪናው ሰው ከመጫኑ በፊት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ እርስዎ ከሾፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀምጠው፣ ያንን ቁልቁለት ይውረድ። ከቆመ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ስለጠፋው መዝገብ አይጨነቁ። እንደ ልማዴ ቃለ ጉባኤውን ሁለት አድርጌ ጽፌ፣ በሁለቱም ላይ አስፈርሜዎታለሁ። አንዱን ቅጂ አባ ጀብሪል ከበቅሎ ዋስትና ወረቀቶቻቸው ጋር አኑረውታል፤ ዓርብ ይዘውት ይቀርባሉ። ከእርስዎ ፊርማ በታች የእኔም ስላለ፣ ስለሳቅሁት ሳቅ ከተጠየቅሁ መልስ እሰጣለሁ።

የፍሬን ዘይትን ከላብ ለይቶ ማየት ለተሳነው ዓይንዎ ብርሃንን፣ ላልተሰበሩት እግሮችዎ ብርታትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የቃልዎ ጸሐፊ
ንጉሡ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ በከላላ ገበያ ለራስዎ ስለገዟት በቅሎ እንኳን ደስ ያለዎ። ጥርሷን አይተው፣ ኮርቻዋን አስወልቀው ጀርባዋን ዳስሰው፣ በክብደት የሚተካከልዎን ሰው አስቀምጠውባት ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ አስወርደው፣ አንድ ዋስ አልበቃዎ ብሎ ሁለት ማስጠራትዎን አባ ጀብሪል ነግረውኛል። «ማሻ አላህ፣ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚገዛ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» ብለዋል። በቅሎዋ ደህና ናት፤ ዓርብ ከችሎቱ በሰዓቱ ታደርስዎታለች።