በልጄ ካርድ ላይ ስለ ተጻፈው ጫት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ከሚሴ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታል። የሟቹ ታላቅ ወንድምዎ የእንድሪስ ሚስት ስሆን፣ መኖሪያ ቤትዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለ ተባልኩ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩. ልጄ ሙስዐብ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከአምና ጀምሮ ቀጥ ባለ መንገድ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፣ ሻዩ አፉ ሳይደርስ ግማሹ ይፈሳል። እርስዎ ገና ከበር ሲገባ አይተው ካርዱ ላይ «ጫት በማብዛት የመጣ» ብለው ስለ ጻፉ፣ ለፈጣን ምርመራዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጁ ጫት ቀምሶ አያውቅም። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በየሐሙሱ ዱዓ አጠገብዎ ሲቀመጥ ድርሻውን ተቀብለው የሚቅሙለት እርስዎ ነበሩና።

፪. ደሴ ላይ ልጁን ያዩት ሐኪም በዘር የሚወርድ፣ በወጣትነት ጀምሮ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚያደክም፣ ብዙ የማይታይ በሽታ ጠርጥረው የአባቱን ካርድ እንዳመጣ አዘዙኝ። እንድሪስ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ እስኪሞት እንዲሁ ሲንገዳገድ እኔና እርስዎ አስታመነዋል። ካርዱ ግን ጠፍቷል ተባልኩ። ከፊቱም ከኋላውም ያሉት ቁጥሮች በቦታቸው ሳሉ የእሱ ብቻ መጥፋቱ፣ ካርድ ክፍላችን ምን ያህል መራጭ አይጥ እንዳለው አሳይቶኛልና አመሰግናለሁ።

፫. ወደ አዲስ አበባ የሚልከውን የሪፈር ወረቀት ለሱሰኛ አንሰጥም ብለው በደብዳቤ ከለከሉን። ተጠራጣሪ ሴት ነኝና ቀን ቆጠርኩ። የከለከሉን፣ ሽማግሌዎች ልጅዎን ኢማንን ለጋብቻ ፈልገው ከባቲ መጥተው ዘሯን በጠየቁ ማግስት ነው። «በቤተሰቡ የዘር በሽታ አለ» ከሚባል፣ «የወንድሜ ልጅ ቃሚ ነው» ቢባል ለኒካሁ ይሻላል ብለው ይሆናል። አልፈርድብዎትም እንዳልል እፈርድብዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ነዋል ግቢውን ስታቋርጥ ግድግዳ ይዛ ሄደች። ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ጫቱ ተሰርዞ ሪፈሩ ይጻፍልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ለኢማን ኒካህ በረካን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና የረጋ እጅ አላህን የምለምን፣
የወንድምዎ ሚስት ዘሃራ

ማሳሰቢያ፦ የከለከሉበትን ደብዳቤ፣ እንድሪስ በሞተ ጊዜ ከጻፉልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ጎን አድርጌ አየሁት። የያኔው ፊርማዎ ቀጥ ያለ ነበር። የዘንድሮው ተንቀጥቅጦ፣ መስመሩን ስቶ ማኅተሙ ላይ ወጥቷል፤ ሙስዐብም አሁን ስሙን የሚጽፈው እንደዚያ ነው። የእንድሪስን ካርድ ከደበቁበት ያውጡት፤ ለእርስዎም ሕክምና ይጠየቃል።