ሁለት ጊዜ ስላስረከብሁት ጠመንጃ

ለተከበሩ ጓድ የወረዳችን አስተዳዳሪ
ባሉበት

ግንቦት ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ የላስታ ብርድ ቆላ ለለመደ ሰው ክፉ ነውና ጋቢ ሳይደርቡ ከቢሮዎ እንዳይወጡ፣ ጉልበትዎንም ነፋስ እንዳያገኘው አደራ እላለሁ። እኔ ሙሉሃብት አራጋው፣ የቀጭን ዳገት ገበሬ ማኅበር አባል፣ ዕድሜዬ ገፍቶ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር፣ እርስዎ ከለቀቁኝ ወዲህ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልጽፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን ለሹም ለብቻው የተጻፈ ነገር መልሱም ለብቻ መጠራት ስለሆነ፣ ጋዜጣም እኛ ዳገት ድረስ ስለማይወጣ፣ መጀመሪያ በመቀባበሪያ ማኅበራችን በቅሬው ስብሰባ ለሰው ሁሉ ተነቦ ከዚያ ወደ እርስዎ እንዲላክ አድርጌአለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በደብራችን በነአኩቶ ለአብ ደጅ ነውና፣ የቢሮ ወግ ቢጎድለው ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። እርስዎ ያኔ ስላልነበሩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በ፷፰ ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ጓድ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሰበሰቡንና፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ የተመዘገበ መሣሪያ የመንግሥት ጥላ ያርፍበታል፣ መፍራት ያለበት የሚደብቅ ብቻ ነው አሉን። እኔ ከአባቴ የወረስሁት አንድ ውጅግራ ነበረኝ። ሰው አልገደልሁበትም። ገብሱ ሲያሽት ከገደሉ የሚወጣውን የዝንጀሮ መንጋ አባርርበታለሁ፣ ሌባ ወደ በረቱ ሲጠጋ ወደ ሰማይ እተኩስበታለሁ፣ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ድምፁን አገር ሁሉ በየዓመቱ የሚሰማውን ነገር ልደብቀው ብልስ የት እደብቀዋለሁ?

ባለቤቴ ይማርሽ ግን ነገሩን አልወደደችውም። ጠመንጃውን በጨርቅ ስወለውል አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ያዩትን ነገ ይወስዱታል» አለችኝ።

«መንግሥት ራሱ የጻፈውን መልሶ ይሰርቃል?» አልኋት።

«አይሰርቅም። ይጠራሃል፣ አንተው ተሸክመህ ትወስድለታለህ።»

እሷ ፖለቲካ አልተማረችምና ትቻት ሄድሁ። ጎረቤቴ ታፈረም ምንሽሩን ይዞ ተከተለኝና ጎን ለጎን ቆመን ተመዘገብን። ሌላው ጎረቤታችን ጋሻዬ፣ ጠመንጃ እንዳለው ውሻው ሳይቀር እያወቀ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ነአኩቶ ለአብን፣ ከዱላ በቀር የለኝም» ብሎ ማለ። ከገደሉ ማዶ በዋሻ የሚኖሩት ሽፍቶች ደግሞ፣ ጥሪው ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሁን ወይም ሥራ በዝቶባቸው፣ ሳይመጡ ቀሩ። እስከ ዛሬም አለመምጣታቸውን የጠየቀ ሹም አልሰማሁም። እነሱ ያላስጻፉትን ማን ይጠይቃቸዋል?

ሁለተኛ፣ ስለ ርክክቡ አመሰግናለሁ። በዚያው ዓመት ክረምት የተመዘገበ መሣሪያ ሁሉ ለአብዮቱ መጠበቂያ ገቢ ይሁን የሚል ትእዛዝ ሲወጣ፣ የወረዳው ሰዎች ማንን እንደሚጠሩ ብዙ አልተቸገሩም። ታፈረና እኔ በጭቃው ተሸክመን ወርደን አስረከብን። ደረሰኝ ብንጠይቅ ጸሐፊው፣ «ለሰፊው ሕዝብ ለተሰጠ ነገር ደረሰኝ የለውም። ሕዝቡስ እናንተው አይደላችሁም?» አለን። እውነቱን ነው፣ ሰው ለራሱ ሰጥቶ ከራሱ ደረሰኝ አይቀበልም። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ታፈረ እርሻውን ቁልቁል እያየ፣ «እንግዲህ ዝንጀሮውን በስድብ ነው» አለ።

ጋሻዬ ግን መሣሪያ ያልነበረው ጭቁን ገበሬ ሆኖ በመገኘቱ ተመስግኖ አብዮት ጠባቂ ተደረገ፤ የእኔም ውጅግራ ተሰጠው። ጥቂት ቀን እንደ ቆየ ከደጄ መጥቶ ቆመ።

«አያ ሙሉሃብት፣ ጥይት የምትጎርስበት አልከፈት አለኝ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ወደ ላይ መታ አድርጋት፣ ከዚያ ሳብ» አልሁት። ተቀብዬ አሳየሁትና መለስሁለት።

«አስቀይሜህ ይሆን?» አለኝ።

«አንተ ምን አደረግህ? የለኝም አልህ፣ ሰጡህ። እኔ አለኝ አልሁ፣ ወሰዱብኝ።»

ጋሻዬ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ። ሰው ነው፣ ፈርቶ ማለ። ያ መሐላ ግን ከእኔ እውነት ይልቅ ጠቀመው፣ እኔም ለዚህ ትምህርት ባለ ዕዳ ነኝ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናው እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ እንዲሁ እነግርዎታለሁ። በ፷፱ ኅዳር የሙጃ ገበያ ቀን ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ስለ ንቃት ትምህርት እንዲሰሙ ወደ ወረዳው ከተማ ተጠርተው፣ ጉልበት ያለው ሰውም ገበያ ወርዶ፣ መንደሩ ውስጥ የቀረን ገብስ የምናጭድ ጥቂቶች ነበርን። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሽፍቶቹ በገደሉ መንገድ ወጡ። አልሮጡም፣ አልጮኹም። የሚያስሮጣቸው እንደሌለ ያውቁ ነበር። ከብቱን ከታችኛው ግጦሽ ሰብስበው መንዳት ጀመሩ። እኔ ከላይኛው እርሻ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ታፈረ ከታች ማጭዱን ጥሎ ዱላውን ሲያነሣ አየሁት።

«ታፈረ፣ ተው! ከብት ይተካል!» አልሁት።

ቆም ብሎ ወደ እኔ ቀና አለ። «ምን ይዤ ልተካው?» አለኝና ወረደ።

ከሽፍቶቹ አንዱ እንዲመለስ በእጁ አመለከተው። ታፈረ ግን ደርሶ የበሬውን ቀንድ ያዘ። ዱላውንም አልሰነዘረም፣ ቀንዱን ይዞ ቆመ እንጂ። ተኩሰው ጣሉት። ሚስቱ ወለተ ሐና ስትደርስ ከብቶቹ ገደሉን አልፈው ነበር። እሷ ነጠላዋን አለበሰችው፣ እኔ ዓይኑን ከደንሁለት፣ ከዚያ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ከገበያ እስኪመለስ አጠገቡ ተቀመጥን። ጋሻዬ ከትምህርቱ ሲመለስ ልቅሶውን ሰምቶ ከሩቅ ነው ጠመንጃውን መሬት የጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንገናኝ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ያዞረዋል፤ እኔም እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እርስዎ ያውቁታል፤ ለቅሬው ሰው ስል ግን ልድገመው። ዘንድሮ ተሹመው ሲመጡ፣ ትጉህ ሹም ነዎትና መዝገቡን አስወጥተው አነበቡ፤ ታፈረና እኔ ጠመንጃ እንዳለን ተጽፎ፣ ማስረከባችን ሳይጻፍ አገኙ። መጀመሪያ እኔን አስጠሩኝ።

«መዝገቡ ጠመንጃ አለህ ይላል» አሉኝ።

«ነበረኝ ጌታዬ፣ አስረክቤአለሁ።»

«ጌታዬ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በል። ደረሰኝ አለህ?»

«የለኝም ጓድ። ጠመንጃው ግን ያውና፣ ከበርዎ ላይ ቆሟል፣ ጋሻዬ ትከሻ ላይ።»

እርስዎ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ፤ ጋሻዬ መሬት መሬት አየ። «እሱ የሕዝብ መሣሪያ ነው» አሉኝ። «እኔ የምጠይቅህ ያንተን ነው።»

ይህን ቃል በማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ታስሬ ሳለሁ ብዙ አገላብጬዋለሁ። የሚጠብቀኝ ጋሻዬ ነበር፣ የሚጠብቀኝም በአባቴ ውጅግራ ነበር። ሰው ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ይለኛል። ሰው ሲጠፋ በበሩ ስንጥቅ ቆሎ እያቀበለ፣ «አያ፣ እንዳትጨነቅ፣ ይማርሽ መላ እየፈለገች ነው» ይለኛል።

ይማርሽም መላውን አገኘች። ጥቁሩን በሬያችንን ከጥማዱ ለይታ ወደ ሙጃ ነዳችው፤ ከሙጃ ማዶ ከአንድ ሰው ቤት በአሮጌ አልቤን ጠመንጃ ለውጣ፣ አልቤኑን በሰሌን ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። ሰውዬው ለምዝገባ ቀርቦ የማያውቅ ነው። ይማርሽ ይህን በነገረችኝ ጊዜ «አላልሁህም?» አላለችኝም። ደክሟት ነበር።

አልቤኑን በስሜ አስረከብነው። ጸሐፊዎ ቁጥሩን ከመዝገቡ ሲያስተያይ ቁጥሩ አልገጠመም፤ ዓይነቱም አልገጠመም። እርስዎ ግን፣ «ብረት ብረት ነው» ብለው በቸርነት ፈርደው ለቀቁኝ። እንግዲህ ጓድ፣ ሕጋዊ ጠመንጃዬን በሕግ ያስረከብሁ ሰው፣ ሕግ ላክብር ብዬ ሕገ ወጥ ጠመንጃ ገዛሁ። ይህንኛው እንኳ እንዳይጠፋ ደረሰኝ ብለምንዎ፣ «ደረሰኝ የሚወድ ሰው ሌላ የደበቀው አለ» አሉኝ። ወዲያው መውደዴን ተውሁ።

ከእኔ ቀጥለው ወለተ ሐናን አስጠሩ። የሟች መሣሪያ ወራሽ አለው፣ ባልሽ የት አስቀመጠው አሏት። የመለሰችልዎን ጋሻዬ ከበሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ነግሮናል። «ባሌ ጠመንጃውን ለናንተ፣ ነፍሱን ለእግዜር አስረክቧል። የቀረውን ፈልጉ» አለችዎ። እርስዎም መጋዘኑ ውስጥ እንድታስታውስ ጊዜ ሰጧት። እሷ እንደ ይማርሽ የምትለውጠው በሬ የላትም፤ በሬዋን ማን እንደ ወሰደው ከላይ ጽፌአለሁ።

ስለዚህ ቅሬያችን ተሰበሰበ። ቅሬ ሬሳ ለማንሣትና ሐዘንተኛ ለማስተዛዘን የቆመ ነውና፣ ለጠመንጃ ይዋጣ ሲባል ሽማግሌዎቹ ግር አላቸው። የቅሬው ዳኛ ግን፣ «ታፈረን ቀብረን መች ጨረስን» አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። አንዱ ገብስ፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ጠቦት አዋጣ። ጋሻዬም አዋጣ። ይማርሽ የሙጃ ማዶውን ሰውዬ ቤት ታውቀው ነበርና መንገዱን መራች።

ባለፈው ዓርብ ምንሽር የሚመስል ነገር ይዘን መጥተን አስረከብን፤ እርስዎም ወለተ ሐናን በመልካም ቃል አሰናበቷት። ስለ መልካሙ ቃል አመሰግናለሁ። ያላዩትን ግን ልንገርዎ። ከመጋዘኑ ስትወጣ ጠመንጃው ገና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ቆማ አየችው።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከሙጃ ማዶ። ከአንድ ሰው ቤት» አልኋት።

«ያኔም እዚያው ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«ታፈረ በዱላ ሲወርድ?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀችኝ። የጠፋባት ጥጃ በየት በኩል እንዳለፈ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። ጋሻዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም መቀነቷን አጥብቃ ዳገቱን ተያያዘችው፣ እኛም ከኋላዋ ወጣን። ይህን ደብዳቤ መጻፌ እንግዲህ ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም። የወለተ ሐና ጥያቄ ከእኛ አቅም በላይ ሆኖ ስላገኘነው፣ ከነሙሉ አክብሮቱ ወደሚመለከተው ክፍል ለማስተላለፍ ነው። መልሱን በቃል ለመስጠት ቢፈቅዱ፣ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በረቱ ባዶ የሆነው ነው።

በእጄ ምንም ሳልይዝ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ለሕግ ያለኝን አክብሮት ለሦስተኛ ጊዜ የማስረክብ፣

ሙሉሃብት አራጋው
ከቀጭን ዳገት

ተጨማሪ፦ ሌላ ምዝገባ የታሰበ እንደ ሆነ፣ ከሰኔ እርሻ በፊት ይሁን በኋላ አስቀድመው እንዲያስታውቁን በትሕትና እንለምናለን፤ የቀረኝን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ላቀናጀው ወይስ ወደ ሙጃ ልንዳው የምወስነው በዚያ ነው። የሙጃ ማዶው ሰውዬም በይማርሽ በኩል ሰላምታውን ልኮልዎታል፤ እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ገበያው ደርቶለታልና፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን ይላል።