ወፎቹን የጠራው ሙሾ

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጃችን ለተሥላሴ አንደኛ ወጣች። ከዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንደኛ። ሰላምታው ይቆየን፣ መጀመሪያ ይሄን ስማ።

ምንዋጋው ሆዴ፣ እንዴት ነህ? የመተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጅህ ለትምህርቷ ብለን በተከራየናት ክፍል ደህና ነን፤ የሰቆጣ ብርድ እኛን ቆላዎቹን ጥርስ ያንቀጫቅጨናል እንጂ። ስልኩን ሁለት ቃል ሳትናገር ስለምትዘጋው በደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ደብዳቤ መሀል ላይ አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማርኛ መምህሯ በእውቀቱ፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች የገጠሟቸውን ሁለት ግጥሞች አወዳድራችሁ ለውድድር ጻፉ ይላቸዋል። ሌላው ከመጽሐፍ ሲያመጣ የኛይቱ ምን አመጣች መሰለህ? ልጃችን ሸጋው በወባ ያለፈ ጊዜ፣ ቆላው አገራችን ዝቋላ ላይ አንተና እኔ ያልነውን ሙሾ። የእኔ፦

ሸጋው ብዬ ስጣራ ተራራው አቤት አለኝ፣
አንተ ዝም ካልከኝ ወዲያ ተራራ ምን ሊበጀኝ።

ሰው ሁሉ ደረቱን የደቃበት ነው። ያንተ ደግሞ፦

ኑ ወፎች ውረዱ ማሽላዬ ደረሰ፣
ወንጭፉም ተሰቅሏል ማማውም ፈረሰ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ደጅይጥኑ "ልጁን ትቶ ማሽላውን አለቀሰ" ብላ፣ ወሬው እስከ ኒሯቅ ገበያ ወረደ። አንተም አርባው እንዳለፈ ወጣህ፤ ይኸው እንደወጣህ ቀረህ።

ልጅህ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ብላ አነበበች፦ "እናቴ ወንድሜን ትጣራለች፤ ገና መልስ ትጠብቃለች። አባቴ ስሙን እንኳ አልጠራም። ማማው ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ወንድሜ ነበር። ዝናብ ሲቀር እያየ ያረጀ ገበሬ እህሉን ለወፍ ኑ ውረዱ ካለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሳሳለት ነገር የለውም።"

ደጅይጥኑ ገበያ መጥታ እኔው ጎትቼ አስገብቻት ነበር፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና "እኔን አፈር ይብላኝ፤ ይሄ ሁሉ ኖሮበታል?" አለችኝ።

"ኖሮበታል፤ ያንቺ አፍ ነው ከጆሮሽ ቀድሞ ገበያ የወረደው" አልኳት።

ቤት ስንገባ ልጅቷን "በይ እንግዲህ፣ የማን ይበልጣል?" ብላት "የአባዬ" አትለኝም? ለቅሶ በደረሰ ቁጥር "ዓይናዲስን ጥሩ" የሚባልልኝን እኔን ሁለተኛ አወጣችኝ።

"ያጠባሁሽ እኮ እኔ ነኝ" ብላት፣

"እማ፣ ዳኛ ዘመድ የለውም" አለች።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስንረጋ ደግሞ ቀስ ብላ "አባዬ ይመጣ ይሆን?" አለችኝ። "ይመጣል" አልኳት፤ እንግዲህ ውሸታም አታድርገኝ።

እመቤቴ ጉልበትህን ታጽናልህ፣ በረሃውን በጥላዋ ታሳልፍህ፣ ከቤትህ ደጃፍ በሰላም ታድርስህ።

ዓይናዲስህ

የድግሷን ቀን ሳልነግርህ። ወንድምህ ኪዳኑ በግ ይዞ ይወጣል። ደጅይጥኑ ጠላውን እኔ ካልጠመቅሁ ብላ ምላለች። ያን ወሬ ያወሩትን አንድ ሳላስቀር ጠርቻለሁ፤ ለተሥላሴ ደግማ ታነብላቸዋለች፣ አባዬ ካልተቀመጠ ግን አፌን አልከፍትም ብላለች። ከዝቋላም ከሰቆጣም ሁሉም እዚህ የሚሰበሰበው ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው።