የባሕር ዛፉ እንፋሎት

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ በስተርጅና ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። የአባትሽም የዓይኑ ቁስል ሽሯል፤ ወደ አናጺነቱ ግን አልተመለሰም። በግራ ዓይኑ ዳግመኛ እንደማያይ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጣውላ ቀጥ ማለቱን ሳይ ድሮም አንዱን እጨፍን ነበር።"

ሳይነሱን ያባባሰበት የእንጨት ብናኝ ነው። ባሕር ዛፍ እያፈላሁ፣ በፎጣ ሸፍኜ አጥነው ነበር። "ዛሬም ልትቀቅይኝ ነው፣ ሴትዮ?" እያለ ያላግጥብኛል። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ስለ ሳይነስ የሚመክር ወረቀት አመጣሁና እሱን አስቀምጬ አነበብኩለት። እንፋሎት ለጊዜው ያቀላል ይላል። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም በጥናት የተደገፈ ነው ይላል።

"ሰማህ? ተጠንቷል!" አልኩት። ወረቀት ለእኔ ሲመሰክር በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

"ሌላስ ምን ይላል?" አለኝ።

"አለቀ" አልኩት።

አላለቀም ነበር። የባሕር ዛፉ ማስረጃ ገና ደካማ ነው፤ እንፋሎት ኢንፌክሽን አያድንም፤ ዓይን አካባቢ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ ይል ነበር። ፊደሉ አስቸግሮኝ ነው እንዳልል፣ አንቺ ደህና አድርገሽ አስተምረሽኛል።

ዓይኑ ሲያብጥ "ብንሄድ ይሻላል መሰለኝ" አለ። "ቆሻሻው ሊወጣ ነው፤ ጎንበስ በል" ብዬ ፎጣውን ጣልኩበት። እሺ ብሎ ጎነበሰ። የሚያንገበግበኝ ያ እሺታው ነው።

ሐኪሙ "ምን አዘገያችሁ?" ብሎ ሲቆጣ አባትሽ ቀደመኝ። "ሚስቴ እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ግትሩ እኔ ነኝ" አለ። ለአንቺም በስልክ ይኸንኑ ነገረሽ። "ግትርነትህ ነው የበላህ!" ብለሽ ጆሮው ላይ ዘጋሽበት። ያን ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ልብስ አጥፍ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አልደወልሽለትም። ስልኩ ሲጮህ ቀና ይላል፤ አንቺ አለመሆንሽን ሲያውቅ አንገቱን ይደፋል። ለምን እንደዋሸልኝ ብጠይቀው "እኔን ትምረኛለች፤ አንቺን ግን እንጃ" አለኝ።

ደውዪለት፣ አደራ። እግርሽ የረገጠው ይለምልም፤ ክፉ አይንካሽ። እኔን ብትቀየሚኝ ይገባኛል። ከእንግዲህ ሲዋሽልኝ ዝም ብዬ ልብስ አላጥፍም።

እናትሽ